ያለ መስመር የተሣለው መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሚራክል ማይል በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካለው ሙዚየም አጠገብ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወደ ጃፓን ሥዕሎች ክፍል ይዛኝ ገባች። አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከሥሩ «ነባሩን የጃፓን አሣሣል ካደሱት አንዱ» ይላል።

«ሠዓሊውን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አስተማሪዬ ነበሩ» አልኳት።

በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ከተማ ለትምህርት መጥቼ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ክፍል ተከራይቼ ነበር። እኚህ ሠዓሊ፣ ሚስተር ናካዳ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩ ነበር። ቀለማቸውን ከድንጋይ ፈጭተው በቆዳ ሙጫ ይለውሱታል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ የሙጫውን ሽታ ገና ከበር አወቅሁት። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ እኔን ግን እዚያው አስቀረኝ።

በዚያ መጸው ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሙጫውን እያደረቀ አስቸገራቸው። እሳቸው ግን ፍሪዌዩን፣ መኪና የሚጎርፍበትን ሰፊ አውራ ጎዳና፣ እየሣሉ ነበር፤ የጥንቶቹ በጥቁር መስመር የሚከቡትን ሁሉ ያለ መስመር፣ ቀለም በቀለም ላይ እየደረቡ። ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ የአገራቸው ሽማግሌዎች መጥተው አዩት። ከሄዱ በኋላ፣ ፕለም የሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የተከተተበት የሩዝ ድብልብል እያካፈሉኝ፣ ሚስተር ናካዳ የተባሉትን ነገሩኝ። «ቀለሙ የኛ ነው፣ ሥዕሉ ግን አይደለም። መኪናዎቹን አጥፍተህ ተራራ ካደረግህበት እንሰቅለዋለን።»

«አንድ ተራራ ቢሥሉላቸው ምን ይጎዳዎታል?» አልኳቸው።

«አስተማሪዬ ተራራ የሣሉት በመስኮታቸው የሚያዩት ተራራ ስለነበር ነው። እኔ የማየው ይኸን ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኤግዚቢሽኑ ያለ እሳቸው ሥዕል በተከፈተበት ቀን የጋራዡን በር ከፍተው ሥዕሉን አቆሙት። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ጠጋ ብላ አየችና «የጠዋት መንገዴ እኮ ነው» አለች። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ብቻቸውን መጡ። ብዙ ቆመው አዩና እጅ ነስተው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት እኔም ጀመርኩ። እንደ አባቴ ሥዕሎች ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ ሰዎች፤ ነገር ግን ፌርፋክስ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ። ሁለት ጊዜ ቀለሙ ተሰነጠቀብኝ። ሁለቴም ፍቄ እንደገና ሠራሁት። ፎቶውን ለአባቴ ላክሁ። መልሳቸው ከሁለት ወር በኋላ መጣ፦ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። ዓይኖቹን ግን አውቃቸዋለሁ። እጆቹ ደካማ ናቸው፤ በርቺ።»

ልጄ ከሙዚየሙ ስንወጣ «ያኔም ታዋቂ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልነበሩም። እንዲያውም ብዙ ጃፓናውያን የገዛ አገራቸውን ሥዕል ያበላሹ አድርገው ነው ያዩዋቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ «አደሱ» ብሎ ባንድ ቃል አልፎታል፤ እኔ ግን ቃሉን ያነበብኩት የእነዚያን ቅዳሜዎች ድካም ሁሉ ጨምሬ ነው። የአባቶችን ሥራ መውደድና በራስ ዓይን ያዩትን መሣል እንደማይጣሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እስካሁን የምሥለውም በዚያው ትምህርት ነው።