ጌዶ ገበያ ላይ «ደረጀን አገቱት» ብዬ የጮህኩ ቀን

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም የሚሆን አይደለም፤ በእኔ አፍ የተነሳ የተቀጠቀጠው ሰው በየሳምንቱ ሱቄ ይመጣል። ኮምፒውተር ያላችሁ ከእኔ ጥፋት ትማሩ ይሆናል። የሌላችሁ ደግሞ ገበያ ላይ ስልክ ስታወሩ ድምፃችሁን ቀንሱ።

አምቦ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሞተ ሰው ፎቶ አሳድጎ ማተም፣ ሁሉንም እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ከአባቴ ጋር ከብት ነጋዴ ነበርኩ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የጌዶ ከብት ተራ አስተምሮኛል።

ከዚያ ተራ ይዤው የመጣሁት አንድ ልማድ አለ። እኛ ቤት በሬ የሚጠራው በሻጩ ስም ነው። ከኦቦ ፈይሳ የተገዛ በሬ ፈይሳ ይባላል። «ፈይሳ ዛሬ ሣር አልበላም» እንላለን፤ «ፈይሳን ለሉካንዳ ሸጥነው» እንላለን። በአንድ ገበያ አሥራ አምስት በሬ ለሚገዛ ሰው ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ሻጩ ፈይሳ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። በሬው ግን ቅር ብሎት አያውቅም።

ኮምፒውተሬን የገዛሁት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረ ደረጀ ከሚባል መምህር ነው። ሌላ አገር ሲዛወር ሸጠልኝ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ደረጀ ሆነ። ባለቤቴ አስቴርም ለመደችው። «ደረጀ ዛሬ ደክሞታል»፣ «ደረጀን አጥፍቼው መጣሁ» እያልን ስንነጋገር የሰማ ደንበኛ አንዳንዴ ደንገጥ ይላል። እኛ ግን አናስተውለውም። ደረጀ ሆድ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት የሰው ፊት ነበር።

ያን ቀን የሠርግ አልበም ላደርስ ጌዶ ሄጄ ነበር። የገበያ ቀን ነው። ሥራዬን ጨርሼ ከከብት ተራው ጎን ካለች ሻይ ቤት ደጅ ተቀመጥኩ። ረፋድ ላይ አስቴር ደወለች።

«ደረጀ ታግቷል» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ታግቷል ነው የምልህ። ስክሪኑ ቀይ ሆኗል። አንድም ፎቶ አይከፈትም። በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፤ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ በሦስት ቀን ካልከፈላችሁ ይጠፋሉ ይላል።»

አሁን ልብ በሉ። በዚያን ሰሞን መንገድ ላይ ሰው ታገተ የሚል ወሬ ያልሰማንበት ሳምንት አልነበረም። ሾፌር ታገተ፣ ነጋዴ ታገተ፣ ይህን ያህል ተጠየቀበት። ወደ ቤቱ ያልተመለሰም ነበር። ገበያው በሙሉ ጆሮ ሆኖ ነው የሚውለው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝና ጮህኩ። ጌዶ ገበያ የሰማው የእኔን ግማሽ ብቻ ነው።

«ደረጀን አገቱት? ... ስንት ነው የሚሉት? ... በዶላር? ... ሦስት ቀን ብቻ? ... ካልከፈልን ሊያጠፉት? ... አስቴር፣ ስሚኝ፤ ለፖሊስ ምንም እንዳትናገሪ።»

ለፖሊስ አትናገሪ ያልኩት ለራሴ አፍሬ ነው። በዋዜማው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሜ ክፈል አለኝ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና የማይከፈልበት፣ መቆለፊያው የተሰበረ ኮፒ ከአንድ ቦታ አውርጄ ጫንኩ። ከኮፒው ጋር የመጣው መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ሌባ መልእክት ልኮብኝ «ስመጣ ዘበኛህን አስወጥተህ በሩን ክፈትልኝ» ማለቱ ነው። አስወጥቼ ከፈትኩለት።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት አስቴርን «ኮፒ የያዝንበትን ዲስክ ሰክተሽ እዪው» አልኳት። ከዚያ ለሚ ጋ ደወልኩ። ለሚ የእንጭኒ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ዝምተኛ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ያን ቀን ጌዶ ለሥራ መጥቶ ነበር። ያኔ ዕድል መስሎኝ ነው።

በባጃጅ መጣ። ጥቁር ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አትደንግጥ ጋሼ» አለኝ፣ «እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ሥራቸው ነው። አምና ጉደር ላይም አንድ ደንበኛዬን እንዲሁ አድርገውታል።»

«ከፈላቸው?»

«ከፈላቸው። ግማሹን ብቻ ለቀቁለት።»

ከኋላችን የብርጭቆ ድምፅ ቆመ። እኔ አላስተዋልኩም።

«ኢሜይል ትተው ይሆናል» አለ ለሚ። «ካስፈለገ እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤ መደራደር ይቻላል። በእጃቸው መኖሩን ለማሳየት መጀመሪያ ትንሽ ቆርሰው ይልኩልሃል።»

ያን ሰሞን የአጋቾች መልእክተኛ የሚባል ሰው አለ ይባል ነበር። ንጹሕ ለብሶ ይመጣል፣ በቀስታ ያወራል፣ ይደራደራል። ለሚ ንጹሕ ለብሷል፣ በቀስታ ነው የሚያወራው።

«ግማሹን?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳልጨርስ ዱላው ወረደ።

የመጀመሪያው ምት ግራ ጆሮው ላይ ነው ያረፈው። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ነው። ለሚ ከነወንበሩ ወደቀ። የመታው ኦቦ ድሪባ የሚባል የከብት ነጋዴ ነው፤ በመልክ አውቀዋለሁ። ለሚ በእጁ ጭንቅላቱን ሲሸፍን ሁለተኛው ምት ጣቶቹ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የማን ምት እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ከብት ተራው ግልብጥ ብሎ መጣ። ነገሩ ከየት እንደጀመረ የማያውቅ ሰው ጭምር ይራገጣል። አንዱ የለሚን ጉሮሮ በጫማው ረግጦ «ደረጀ የት ነው?» ይለዋል። ጉሮሮው ተረግጦ እንዴት ይመልስ። አፉ ውስጥ ደም ሞላ፤ ሲተፋው ጥርስ አብሮ ወጣ።

እኔ መሀል ገብቼ «ተዉት፤ ደረጀ ሰው አይደለም» አልኩ።

ይህ የባሰ ነገር ሆነ። «ስለ ታገተ ዘመዱ ሰው አይደለም ይላል» ብሎ አንዱ በጥፊ አጮለኝ። ዓይኔ ጨለመ።

«ኮምፒውተር ነው» አልኩ።

«አእምሮውን ነክቶታል» አለ ሌላው። «ያዙትና ውሃ አፍስሱበት።»

ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ይዘው አንድ ጆግ ውሃ አናቴ ላይ ገለበጡብኝ። በደግነት ነው ያደረጉት፤ አንዷ ሴትም በነጠላዋ ፊቴን ጠረገችልኝ። እኔን እያጽናኑ እሱን ይገድሉታል። አንድ ሰው ለግንብ ከተከመረው ድንጋይ ላይ የጭንቅላት መጠን ያለው አነሳና በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። ለሚ ያየው ይመስለኛል። እጁን እንኳ አላነሳም።

በዚህ መሀል ኦቦ ጉታ ደረሱ። ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት የሠሩ የከብት ደላላ ናቸው። እኔን ውሃ ሲንጠባጠብብኝ አይተው «ማል ጄቴ? ምን አልክ? ደረጀ የሚባለው ማነው?» አሉኝ።

«ኦቦ ጉታ፣ ከመምህር ደረጀ የገዛሁት ነው።»

«የገዛኸው?»

«የገዛሁት።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ሄደው ከነጋቢያቸው ለሚ ላይ ተጋደሙበት። ድንጋይ ያነሳው ሰው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ዲሳ፣ ተዉ» አሉ በሁለቱም ቋንቋ፣ ከመሬት ሆነው። «የታገተ ሰው የለም። ደረጀ በሬ ነው። ይሄ የአባቱ ልጅ ነው፤ በሬውን በሻጩ ስም ነው የሚጠራው። በሬ ነው የጠፋበት።»

ኮምፒውተር መሆኑን ያን ጊዜም አልገባቸውም፤ ቢገባቸውም የሚጠቅም አልነበረም። ኮምፒውተር ስል ያበድኩ የመሰለው ሰው ሁሉ በሬ ሲባል ወዲያው ገባው። ከብት ተራው ውስጥ የእኛን ቤት ልማድ የሚያውቅ ብዙ ነበር፤ አንዱ ለአንዱ ነገረው። የበሬ ሌባም ጌዶ ገበያ ላይ አይሳምም፣ ግን ቢያንስ መጀመሪያ ይጠየቃል። ድንጋዩ ወደ ክምሩ ተመለሰ። ሰው እየተበተነ ወደ ከብቱ ሄደ፤ ዱላውን ከጀርባው የደበቀም አየሁ። ኦቦ ድሪባ ብቻ የቆመበት ቀረ።

ለሚን በሚኒባስ ወንበር አጋድመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ሦስት ጥርስ፣ ሁለት ጣት፣ አንድ የጎን አጥንት። ከጆሮው ደም ይወርዳል። ሐኪሙ ከንፈሩን ሰፍቶ ሲጨርስ አፉን ከፈተ፤ ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ኬብሉን ነቅላዋለች?» አለኝ።

«የምኑን?»

«የኢንተርኔቱን። ዲስኩንስ?»

ዲስኩን እንድትሰካው የነገርኳት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ባላበጠው ዓይኑ አየኝ። ወዲያው ለአስቴር ደወልኩ፤ ዲስኩ ላይ ካለውም አንድም አይከፈትም አለች። ለሚ መሬት ላይ ሲቀጠቀጥ ቫይረሱ ደግሞ ኮፒዬን እየበላ ነበር።

እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ በተሰፋ አፉ አስረዳኝ። ራንሰምዌር ይባላል። ያገኘውን ፋይል ይቆልፋል፣ ቁልፉ ላኪው ጋ ነው፤ ብትከፍለውም ለመስጠቱ ዋስትና የለም። ተሰክቶ ያገኘውን ሁሉ፣ ፍላሽም ሆነ ዲስክ፣ ይከተላል። ስለዚህ ቀድሞ ከኢንተርኔትና ከሌላው ኮምፒውተር መነጠል ነው። ኮፒ ማለት ደግሞ ተነቅሎ መሳቢያ የሚገባ ነው፤ ተሰክቶ የሚውል ኮፒ ኮፒ አይደለም።

«ከየት ገባ?» አለኝ በመጨረሻ።

የተሰበረውን ፕሮግራም ነገርኩት።

«አንቲቫይረሱን አጥፋ አለህ?»

«አለኝ።»

«አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።»

«ዱላው ለአንተ ነበር የሚገባው ጋሼ» አለና ሊስቅ ሲል ስፌቱ ሳበው።

አልከፈልንም። ለሚ ደረጀን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ እንደ አዲስ ጫነው፤ የዘጠኝ ዓመት ፎቶ በዚያው ቀረ። ያደረጉት ሰዎች የት አገር እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። ጣታቸውን ከቁልፍ ሳያነሱ ጌዶ ገበያ ላይ የሰው ጥርስ አረገፉ፤ ይህን ቢሰሙም ግድ የሚላቸው አይመስለኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ኦቦ ጉታ ለእርቅ ሰበሰቡን። ኦቦ ድሪባ በግ እየጎተተ መጣና ከለሚ አጠገብ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ወንድሜ ሾፌር ነበር። አገቱት። ከብቱን ሸጠን የጠየቁንን ከፈልን። አልመጣም። አንተ ግማሹን ለቀቁለት፣ ቆርሰው ይልኩልሃል ስትል የሰማሁት የወንድሜን ገላ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መልሱን ለመስማት ወደ ለሚ ዞሩ። ለሚ ግን ከፊት ለፊት በጉን እያየ ነበር፤ ድሪባ የተቀመጠው በግራው በኩል ነው። ሁላችን እሱን ማየታችንን ሲያስተውል ዞረና «ይቅርታ፣ ምን አልከኝ?» አለው።

ድሪባ ያንን ሁሉ እንደገና መናገር ነበረበት። ሁለተኛው ላይ አልቅሶ አቋረጠው። ለሚ እጁን ዘረጋለት። ሁለት ጣቶቹ እስካሁን በደንብ አይታጠፉም፤ ግራ ጆሮውም አይሰማም።

አሁን ለሚ በየቅዳሜው ይመጣል። ማሻሻያውን ይጭናል፣ ዲስኩ ላይ ኮፒ ያደርጋል፣ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ገንዘብ ሰጥቼዋለሁ፣ ጥርሱን አስተክዬለታለሁ። ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ጎበዝ ነጋዴ ነኝ፤ ምን ያህል እንደወሰድኩበት አውቃለሁ። ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሳለ አንዳንዴ በግራው በኩል እቆምና ቀስ ብዬ ይቅርታ እለዋለሁ። በቀኝ በኩል ሆኜ ለማለት እስካሁን አፌ አልታዘዘልኝም።

ለሚ አንባቢዎች የሚልኳቸውን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ያነባል። የጻፍኩት ለእናንተ ብቻ አይደለም።