አሰልጣኙ ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ

የያዙኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ምሳሌ እየሠራሁ ሳለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ "መምህር፣ አንድ ጊዜ ትፈለጋለህ" አለኝ። ለተማሪዎቹ "ሁለተኛውን ጥያቄ ሞክሩት፣ መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አንደኛው አስር አለቃ ነው፤ እሑድ እሑድ ኳስ ሜዳው በር ላይ ስለሚቆም በደንብ እንተዋወቃለን። ካቴና አላወጡም። ሻይ ልንጠጣ የምንሄድ ይመስል ጎን ለጎን ሆነን ዳገቱን ወጣን። ቦንጋ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ጣቢያው እስክንደርስ ሦስት ሰው ሰላም አለኝ፣ ለሦስቱም "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

ያስገቡኝ ክፍል በእርምጃ አራት በሦስት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ እርጥበት በልቶት ቀለሙ ተላልጧል። ከላይ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ የደብተር ስፋት ያላት መስኮት አለች፤ ብረት እንጂ መስታወት የላትም። የእርጥብ ብርድ ልብስና የቆጮ ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር "ጫማዬን የት ነው የማስቀምጠው?" የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ከማንኪራ የመጡ ንብ አርቢ ናቸው።

"ግባ ልጄ፣ ቦታው ይበቃል" አሉኝ። "አንተ ምን አረገ?"

"የምርጫ ታዛቢ ነበርኩ ጋሼ።"

"እኔም ታዛቢ ነው። ቆጠራው ልክ አይደለም፣ አልፈርምም አለ። ይኸው ሦስት ሳምንት።"

ቤታቸው የሚናገሩት ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን ገበያና ቢሮ ሲመጡ ብቻ ስለሚያወጡት አንዱን ከሌላው ያደባልቁታል። የሚሉት ግን አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም። ከብርድ ልብሳቸው ደረቅ የሆነውን ወገን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። እኔም እሱም የአንድ ከተማ ሰዎች፣ የአንድ ቡድን ደጋፊዎች ነን። ስለ ምርጫው ይጠይቀኛል ብዬ ስዘጋጅ መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ ለየሁት።

እዚህ ላይ ስለዚያ ደብዳቤ መናገር አለብኝ። የከተማችን ቡድን ለዓመታት የሚጫወተው አንድ ዓይነት ኳስ ነበር። በረኛው ኳሷን ወደ ሰማይ ይለጋታል፣ ፊት ያለው ረጅሙ አጥቂያችን በጭንቅላቱ ይሻማል፣ እኛ ደጋፊዎቹ ደግሞ "ጠልዛት! ጠልዛት!" እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ብዙውን ጊዜ እንሸነፋለን፤ ግን በለመድነው መንገድ ነው የምንሸነፈው። በኋላ አዲስ አሰልጣኝ መጣ። የእኛው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፣ ረጋ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ኳስ ከኋላ ተመሥርቶ በአጭር ቅብብል ነው መሄድ ያለበት አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ተጫዋቾቹን አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሰሌዳ ላይ እየሣለ ያስተምራቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ከድሮውም ባሰ። ተከላካዮቻችን ገዛ ግባችን አጠገብ ሲቀባበሉ ኳሷን እየተነጠቁ ጎል ገባብን። እኔ ተናደድኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በሰው ፊት ተጨቃጨቅን። ጠላሁት፤ ይህንን መደበቅ አልችልም።

ደብዳቤ በማርቀቅ አልታማም። ይነሣልን ብዬ ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ጻፍኩ፤ "ሜዳ ላይ ማሠራት ሲገባው በር ዘግቶ ይሰበስባቸዋል" የሚል ቃልም አስገባሁበት። በእረፍት ሰዓት ሜዳው ዳር እየዞርኩ ፊርማ አሰባሰብኩ። መርማሪውም ሲቪል ለብሶ መጥቶ ነበር። ፈርሟል። እስክሪብቶ ያዋስኩት እኔ ነኝ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። ፊርማዎቹ ያሉበት ሁለተኛው ገጽ የለም። ስቴፕለር የተመታበት ጥግ ተቀዷል።

"ይሄ የአንተ ጽሑፍ ነው?"

"ነው።"

"ጥሩ። እንግዲህ ሲምፕል ነው። የጻፍከውን ነው የምታጸናው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትጨምርበታለህ፤ በር ዘግቶ ሲሰበስባቸው የሚያወራው ስለ ምርጫው ነበር በል።"

"ስለ ኳስ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።"

"መምህር፣ ፎርማሊቲ ነው።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ዛሬ ከፈረምክ የእሑዱን ጨዋታ ሜዳ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ካልፈረምክ ፋይልህ ወደ ላይ ይሄዳል። እስከ ሰኞ አስብበት።"

ለምን አሰልጣኙን እንደፈለጉት ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ቡድኑ ማሊያውን ለብሶ ከምርጫው በፊት በተጠራው የገዢው ፓርቲ የድጋፍ ሰልፍ ላይ እንዲወጣ ታዝዞ ነበር፤ እሱ ግን "በዚያ ሰዓት ልምምድ አለን" ብሎ ልጆቹን ሳያወጣቸው ቀረ። ለዚህ ክስ አይጻፍም። ለእኔ ዓረፍተ ነገር ግን ይጻፋል፤ አሰልጣኙ ደግሞ ሚስትና የአራት ወር ልጅ አለው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለመፈረም ቃጥቶኝ ነበር። "የጻፍኩት እኮ ውሸት አይደለም፣ በሩን ይዘጋ የለም እንዴ?" እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ቅዳሜን በዚህ ዋልኩ። 

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ሜዳው ከጣቢያው በታች ስለሆነ አይታይም፤ ድምፁ ግን በመስኮቷ ይገባል። ያንን ድምፅ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። በረኛው ሲለጋ እያደገ የሚሄድ "ኦኦኦ"፣ የተጋጣሚ ተከላካይ ሲመልሳት ደግሞ "ኤጭ!"። የድሮው ከሰዓታችን በሙሉ ኦኦኦ እና ኤጭ ነበር።

ያን ቀን ግን ጨዋታው እንደተጀመረ ጸጥ አለ።

"እየተሸነፍን ነው" አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጥቂት ድምፆች ተሰሙ፣ ቀጥሎ ብዙ ሆኑ። "ኢኮ! ጉቶ! ኬሞ! ..." ይሉና ይቆማል። እንደገና ይጀምራል። ሽማግሌው ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ይቆጥራል" አሉ። "በኛ ቋንቋ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። ምንድነው የሚቆጥረው? ጎል ነው?"

"ጎል እንዲህ ቶሎ ቶሎ አይገባም ጋሼ።"

በዚህ ጊዜ ሰባት ደረሱ። በአንዱ ቁጥርና በሌላው መካከል ያለውን ጊዜ አዳመጥኩ። ከአንድ ሰው እግር ወደ ሌላው ሰው እግር ኳስ የምትደርስበት ጊዜ ነው። 

"ቅብብሉን ነው! ኳሷን ሳይነጠቁ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ነው የሚቆጥሩት!"

ሽማግሌው በሕይወታቸው የኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። ጠመኔ ከኪሴ አውጥቼ ወለሉ ላይ ሣልኩላቸው። ኳሷ ወደ ኋላ እንደምትመለስ፣ ተጋጣሚው ተከትሏት ሲወጣ ጀርባው ባዶ እንደሚሆን አስረዳኋቸው። ያን ያስረዳሁት ለራሴም ይመስለኛል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አልገባኝም ነበር።

"ሰውየው ሞኝ አይደለም" አሉ ሽማግሌው ሥዕሉን እያዩ። "ቀፎ ለመስቀል መጀመሪያ ዛፉን ዞረህ ታያለህ። ዝም ብለህ አትወጣም።"

ከዚያ በኋላ አብረን ቆጠርን። እሳቸው በመዳፋቸው ሲሚንቶውን እየመቱ፣ እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። አስር። አስራ አንድ። ተመልካቹ አስራ አራት ላይ ሲደርስ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስራ ሰባት ላይ ሽማግሌው መምታቱን ትተው ጣታቸውን ብቻ ያነሡ ነበር። አስራ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ግን አላለቀም፤ መሃል ላይ ወደ ጩኸት ተቀየረና ቆርቆሮው ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። የበሩ ቀዳዳ ተከፈተና የአስር አለቃው ፊት ታየ።

"አገባን መምህር! ከበረኛው ነው የተነሣችው! አጥሩ ላይ ወጥቼ አየኋት፣ ሁሉም ነክቷታል እኮ!" አለና ወዲያው መታሰሬ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ቀዳዳውን በቀስታ ዘጋው።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አቤቱታው ላይ የፈረሙት ሰዎች በሙሉ እዚያ ታች ናቸው፤ ያንኑ ሰውዬ ሊያባርሩ የፈረሙ እጆች አሁን እያጨበጨቡለት ነው። እነሱ ስህተታቸውን በአንድ ከሰዓት ረሱት። የእኔ ግን ወረቀት ላይ ነው፣ መርማሪው መሳቢያ ውስጥ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀት ጠየቅኩ። መርማሪው ፈገግ ብሎ ሁለት ነጭ ወረቀት ሰጠኝ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ "ከዚህ በፊት በአሰልጣኙ ላይ ያቀረብኩት አቤቱታ የእግር ኳስ እውቀት ማነስ የወለደው ስህተት ነው። በር ዘግቶ ያስተማረው ምን እንደነበረ እሑድ ዕለት ሜዳ ላይ ታይቷል።" ከዚያ አጨዋወቱን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ተጫዋቾቹን በክብ፣ የኳሷን መንገድ በቀስት አድርጌ ሣልኩ። መጨረሻ ላይ "ከዚህ ውጭ ሲናገር አልሰማሁም። አቤቱታውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔ ብቻ ነኝ" ብዬ ፈረምኩ።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። ሥዕሉ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አዞረው።

"ይሄ ማነው?"

"የቀኝ ተመላላሹ። ወደ ኋላ ቀርቶ ኳሷን ይጀምራል።"

 ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ "አቤቱታው ላይ ከአንተ ጋር ማን ማን ነበር የፈረመው?" አለኝ።

የእሱን የራሱን ስም ብጠራ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

"ከእኔ በቀር የማስታውሰው ሰው የለም" አልኩ።

አሁን ቀና ብሎ አየኝ። 

"ፋይልህን አክብደኸዋል" አለ።

"አውቃለሁ።"

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ፊቴን አይተው ከቆጯቸው ቆርሰው ሰጡኝ።

ፋይሉ እንዳለውም ወደ ላይ ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩና ከቦንጋ ርቄ አምስት ወር ቆየሁ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። ተፈትቼ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አሰልጣኙ ቤት ሄድኩ። ልጁን ታቅፎ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ይቅርታ ለማለት መንገዱን ሙሉ ንግግር ስለማመድ ነበር የመጣሁት።

"እኔም ተጠርቼ ነበር" አለኝ እሱ ቀድሞ። "መርማሪው ሁለት ሰዓት አቆየኝና ወረቀትህን አነበበልኝ።"

"የመጀመሪያውን?"

"ሁለተኛውን። ጥሩ ጽፈሃል። ግን ስህተት አለበት።"

"የቱ ጋ?"

"ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ የሚጀምረው የመሃል ሜዳው ስድስት ቁጥር ነው፣ ተመላላሹ አይደለም። ተመላላሹ እዚያ ከቀረ በመስመር ማን ያጠቃል?" ልጁን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። "እዚያው እስክሪብቶ ተቀብዬ አረምኩት። መርማሪው ያንን ሲያይ ወንበሩን አስጠግቶ ስለ እሑዱ ጎል ይጠይቀኝ ጀመር። ከዚያ ሂድ አለኝ።"

ሳቅን። እኔ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሲሄድብኝ ልጁን አስታቀፈኝና ውሃ ሊያመጣልኝ ገባ።

በሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኙን ወደ ቢታ ገነት አዛወሩት። ቡድኑ ሌላ አሰልጣኝ አገኘ፣ በረኛው እንደገና ወደ ሰማይ ይለጋ ጀመር፣ ደጋፊውም መቁጠሩን ተወ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሜዳው ዳር ስቀመጥ አንዳንድ ጊዜ ያ ወረቀት ዛሬ የትኛው ካቢኔት ውስጥ አቧራ እንደሚጠጣ አስባለሁ። ጽሑፉ የእኔ ነው፣ እርማቱ የእሱ። በዕድሜዬ ብዙ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ ዛሬ መልሰው ፊቴ ቢያስቀምጡት ደግሜ የምፈርምበት እሱ ነው፤ ከነእርማቱ።