ሰሌዳ የሚሞላው መምህር

አገሩ ሳለ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር። በር ላይ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆኖ የተጣበበው ተማሪ ሁሉ ጸጥ ረጭ ይላል። ከዚያ ጠመኔውን ያነሳና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በኖት ይሞላዋል። የሒሳብ መምህር ነው። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለና እኩል ስለነበር ባልደረቦቹ «ማተሚያው» ይሉት ነበር። እሱም ስሙን አልጠላውም።

ሚስቱ ውጭ አገር ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አግኝታ ቀድማ ሄደች፤ እሱ ልጆቹን ይዞ ተከተላት። መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲደረድር ከረመ። የዚያን አገር ቋንቋ ተማረ፣ ተፈተነ፤ በስንት ደጅ ጥናት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሙከራ ወሰደው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ርዕሰ መምህርቷ ክፍሉ ገብታ ታየዋለች። ከወደደችው ይቀጥላል፤ ካልወደደችው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ወገቡ መጋዘኑን አይፈልግም፤ ልቡ ደግሞ ከወገቡ ይብሳል።

ክፍሉ ግን አልገዛ አለው። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ቢጠርግ፣ ፊት ወንበር ላይ ያለች ልጅ አዝና የሳል ከረሜላ ሰጠችው። ተቀብሎ ከመምጠጥ ሌላ ምን ያደርጋል? ወደ ሰሌዳው ዞሮ መጻፍ ሲጀምር ከኋላው ገበያ ይቆማል። ዞር ሲል ቀዝቀዝ ይላል፤ መልሶ ሲጽፍ ይደራል። ማንበርከክ የለ፣ ጆሮ መቆንጠጥ የለ። ከክፍል ላስወጣ ቢልም ልጅ ከመምህሩ ዓይን እንዳይርቅ ገና ሲቀጠር አስጠንቅቀውታል።

እራት ላይ ጭንቀቱን ሲያወራ ሚስቱ አልራራችለትም። የገዛ ልጆቹን በጊዜ ማስተኛት ያቃተው ሰው የሰው ልጅ ሊገዛ ማሰቡ እንደገረማት ነግራው ሰሃኗን አነሳች።

ርዕሰ መምህርቷ የምትመጣበት ሳምንት ሲደርስ የቀረችውን አንድ መሣሪያ መዘዘ። ከኋላ ከሚቀመጡት ዋና አውሪዋን፣ ረጅሟን ልጅ አስነሳና «ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» አላት። በሱ አገር ይህችን ቃል የሰማ ተማሪ ደሙ ይደርቃል። አንዳንዱ ቀናት ሙሉ ከአጥር ውጭ ያንዣብባል፤ ሌላው መንገደኛ ለምኖ አጎቴ ነው ብሎ ያመጣል። ረጅሟ ልጅ ግን «እሺ፣ እናቴን እጠይቃታለሁ» ብላ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ እናትየው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከች አለች። የጥርስ ሕክምና ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ማተሚያው የሚያውቃቸው እናቶች ገና በሩን ሲያልፉ፣ ጥፋቱን ሳይሰሙ ነው ልጃቸው ላይ የሚወርዱት። ይህችኛዋ ግን ከልጇ ጎን ተቀምጣ በእርጋታ ጠየቀችው።

«ምን አጠፋች?»

«ታወራለች። ሌሎቹንም ታስወራለች።»

«መቼ?»

«እኔ ስጽፍ።»

«እርስዎ ሲጽፉ እሷ ምን እንድትሠራ ነው የሚፈለገው?»

«ትገልብጣ።»

ልጅቷ መጽሐፏን ከቦርሳዋ አወጣች። የዛሬውን ምዕራፍ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አዞረችለት። ትርጉሙ፣ ምሳሌው፣ የምሳሌው አሠራር፣ ሰሌዳው ላይ የደከመበት ሁሉ መስመሩን ጠብቆ ተቀምጧል። በዚያ አገር ልጆች መምህራቸውን አንተ ነው የሚሉት፤ እሷም «አንተ የምትጽፈው እኮ ሁሉም እዚህ አለ። ለምን እንገልብጠው?» አለችው።

ፊቷ ላይ ሹፈት ፈለገ፤ አላገኘም። የምሯን ነበር የጠየቀችው።

እሱ ያስተማረበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ለመምህሩ እንጂ ለተማሪ አይደርስም። የተማሪው መጽሐፍ ሰሌዳው ነበር፤ ያልገለበጠ ልጅ ቤቱ ገብቶ የሚያነበው የለውም። እዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ክርኑ ሥር መጽሐፍ አለው። የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ሥራ አሳጥቶ ሲያስቀምጣቸው ከርሞ፣ ለምን አወራችሁ ይላቸዋል።

«አላጠፋችም፤ በከንቱ አደከምኩዎት» አላት እናትየውን።

«ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ የመጣሁት ልጄ ሰው ደብድባለች ብዬ ነው» አለች እናትየው ቦርሳዋን እያነሳች። አልተቆጣችም፤ ግን አልሳቀችምም።

ለሚስቱ ሲነግራት የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ ጥላ ሳቀች።

«ታዲያ አትጻፋ!»

«ካልጻፍኩ እጄን ምን ላድርገው?»

«ኪስህ ክተተው።»

እሷ ቀልዷን ነው፤ እሱ ግን የምሩን ጨንቆታል። ያለ ኖት ማስተማር ራቁቱን የመቆም ያህል ከበደው።

ርዕሰ መምህርቷ መጥታ ከኋላ በኩል ተቀመጠች። ማተሚያው ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈና ጠመኔውን አስቀመጠ። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩት፣ ለምን እንደዚያ እንደሠሩም እንዲያስረዱት ነገራቸው። ቀኝ እጁ ሳያዘው ጠመኔ ሲፈልግ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ረጅሟ ልጅ የጎረቤቷን መልስ ስህተት ነው አለች፣ ጎረቤቷ አይደለም አለ፣ ከፊት ያሉትም ጣልቃ ገቡ፣ ክፍሉ ከመቼውም የባሰ ተንጫጫ። ጉሮሮው ሊጠረግ መጣ፤ ምራቁን ዋጠና በወንበሮቹ መካከል መራመድ ጀመረ። የሚጣሉት በጥያቄው ላይ ነበር። ከረሜላ የሰጠችው ልጅ ዘንድ ሲደርስ ክፍልፋይ መደመር እንደማትችል አየ። እስከዚያ ቀን አላወቀም፤ ጨዋ ስለሆነች ጎበዝ ትመስለው ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ማስረዳት ጀመረ፤ ደወሉ እስኪደወል ርዕሰ መምህርቷ መኖሯን ረሳ።

ከክፍል በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። ጫጫታው ከግድግዳው ወዲያ ድረስ ይሰማ ስለነበር ከእንግዲህ በሩን እንዲዘጋ ነገረችው። ወላጅ ሲጠራም አስቀድሞ ለቢሮ እንዲያሳውቅ፤ እናትየው ደውላ አማርራለች። ማተሚያው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ መጋዘኑ ከነሳጥኖቹ ፊቱ ላይ መጣ።

«ክፍሉ ያንተ ነው» አለችው በመጨረሻ፣ ሰዓቷን እያየች። «ግን ያቺን ፊት የምትቀመጠዋን ልጅ ከክፍል ሰዓት ውጭ አስጠናት። እኔም ዛሬ ነው ያየኋት።»

እሺ አላት። እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር።

ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም። አንዳንድ ጠዋት አሁንም ራሱን ይረሳና ከሰሌዳው ጥግ ጀምሮ መጻፍ ይጀምራል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ከኋላ ረጅሟ ልጅ «መምህር፣ ገጹን ንገረን» ትለዋለች። ገጹን ይነግራቸዋል።