ሳላነብ የፈረምሁበት ቤት

የአባታችን ኑዛዜ በአርባቸው ሲነበብ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤት ለታናሽ እኅቴ ሆነ። ማንም አላጉረመረመም፤ እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ውርስ አጣሪ ተባልሁ። ዕዳ ካለ ከፍዬ የተረፈውን ለየባለቤቱ የማስረክብ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ግን እዚያው ተዝካሩ ድንኳን ውስጥ "በል ቁልፉን ስጣትና ተመራረቁ" አሉኝ። ሽማግሌ ተቀምጦ እምቢ ይባላል? ሰጠኋት። ዕዳ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኅቴ የኪራይ ቤቷን ለቃ ገባች። ያጠራቀመቻትን ሁሉ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ አዋለች።

ከሁለት ወር በኋላ ካርታውን በስሟ ላዛውር ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊዋ መዝገቡን አየችና "ጋሼ፣ ይሄ ቤት እኮ በባንክ መያዣ የታገደ ነው" አለችኝ። ክው አልሁ።

በባጃጅ ወደ ባንኩ በረርሁ። አባታችን ቁይ ከተማ ላይ ለከፈቱት ወፍጮ ተበድረውበት ኖሯል። ወፍጮው ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ዕዳው ግን አለ። ከፍርድ ቤት ያወጣሁትን የአጣሪነት ወረቀት ዘርግቼ "ውርስ አጣሪው እኔ ነኝ" አልሁት ሠራተኛውን፤ የቤቱ ጌታ የሆንሁ መስሎኝ።

"ቢሆኑም ባንኩ ሳይፈቅድ መሸጥም ማዛወርም አይችሉም" አለኝ በትሕትና፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። "ዕዳው ሳይከፈል ማስረከብም አልነበረብዎትም። ካልተከፈለ በሐራጅ ይሸጣል።"

"እኛ ልጆቹ ሳናውቅ እንዴት ይያዛል?" ብዬ ጮኽሁበት።

ውሉን አዙሮ ወደኔ ገፋው። ከታች፣ ምስክር ከሚለው አጠገብ፣ የኔው ፊርማ አለ።

ያኔ ትዝ አለኝ። አባታችን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "እዚህች ላይ ፈርምልኝ" ብለውኝ ነበር። አባትህ የሰጡህን ወረቀት ፊታቸው ቆመህ ልታነብ ነው? አላመንኋቸውም እንደማለት ነው፤ ነውር ነው። ዕድሜ ልኬን ተማሪ "መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ" እያልሁ የምቆጣው ሰውዬ፣ ሳላነብ ፈረምሁ። እዚያው ባንኩ ውስጥ በራሴ አፈርሁ።

ቤት ስደርስ እኅቴ የሳሎኑን ወለል ሲሚንቶ አስለስናለች። ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኋት።

"ስትፈርም አላነበብኸውም?" አለችኝ።

"አላነበብሁትም።"

"ቁልፉን ስትሰጠኝስ? ዕዳ መኖሩን ጠይቀህ ነበር?"

"አልጠየቅሁም።"

ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው። ልወጣ ዞር ስል "በዚያ በኩል እለፍ" አለችኝ፤ "ሲሚንቶው አልደረቀም።"