ለእናቴ የተነሰነሰው ስኳር

አሌክሳንድሪያ፣ ከአፓርትመንቴ ወጥቼ መኪናዬን ሳስነሳ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ያዙኝ። የጥገኝነት ኬዜ ገና አልተወሰነም ነበር። አገር ቤት በጻፍኩት ነገር ታስሬ ስለማውቅ፣ የእስር ቤቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ ድምፁ አዲስ አልሆነብኝም። ክፍሉ ግን ይቀዘቅዛል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል።

አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ ሕንዳዊ ናቸው፤ ከጫካ ነዋሪ ጎሳዎች የአንዱ ተወላጅ። በራሳቸው ቋንቋ ልብ ወለድ ይጽፋሉ። ማዕድን አውጪዎች ስለወሰዱት ጫካቸው በጻፉት መጽሐፍ የተነሳ ነው የተሰደዱት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጽሐፉን በቃላቸው ይተርኩልኝ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ፣ የመንደሩ ካህን የመጀመሪያውን አበባ ለዛፎቹ ሳያቀርብ ማንም ሴት አበባ ጠጉሯ ላይ አትሰካም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቴ ኮል አደረግኩ።

«እማዬ ወደ ጌታ ሄደች» አለችኝ። «ከተቀበረች ሰነበተች። ኮርት እስክትቀርብ እንዳትሰበር ብለን ነው የደበቅንህ።»

ተመልሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ምግብ መጣ፤ አልነካሁም። መኖሩ ራሱ ታከተኝ። ሽማግሌው ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

«እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ጥላ ደጅ አይቀርም» አሉ። «ቤት ውስጥ አመድ ይነሰነሳል። ሁለት ሰዎች ውጭ ሆነው ብረት እያጋጩ ‹ቤትህ ግባ› ይሉታል። ከዚያ አመዱ ላይ ዱካ ይፈለጋል። መጽሐፌም የሚያልቀው በዚሁ ነው።»

«አመድ የለን፣ ቤት የለን።»

«እናትህ የሚመጡት አንተ ወዳለህበት ነው።»

ከቁርስ ያስቀሩትን ስኳር ወለሉ ላይ ነሰነሱና የአልጋውን ብረት በጣታቸው መቱ። እናቴ ጴንጤ ነበረች፤ ሙታን ሲጠሩ ብትሰማ ትቆጣለች። ቢሆንም ጠራኋት።

«እማዬ፣ ግቢ።»

ጠባቂው በሩን ከፈተ። «ምንድን ነው ይሄ? ጥረጉት።»

ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ። «ቀብር ላይ ነን። እባክህ ጥቂት ታገሠን።»

ጠባቂው አየን። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ መለሰው።

ስኳሩ ላይ ምንም ዱካ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አየሁ፤ የለም። ልጠርገው ስል እጄን ያዙኝ።

«ሐዘንተኛ አይጠርግም» አሉና፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ተንበርክከው በእጃቸው ሰበሰቡት።

እሳቸውን በማግሥቱ ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ተፈትቼ አሁን እህቴ ጋ ነኝ። መጽሐፋቸውን ሮክቪል ላይብረሪ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ባገኘውም ፊደሉን አላነበውም።

ባለፈው እህቴ፣ «የእማዬ ልቅሶ ላይ ሁላችንም ነበርን፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ።

«አልቀረሁም» አልኳት።