የከበደው መሪ

ልጅ እያለሁ እንደ እህቴ እንደ ሂሩት የቀናሁበት ሰው አልነበረም። እሷ አሥራ አምስት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። አባታችን የቡና ልማት ባለሙያ ስለነበር ወደ ሊሙ ገነት የሚመላለስባት ሞተር ሳይክል ነበረችው። እሁድ እሁድ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር፣ ሜዳ ላይ፣ ሂሩትን ያስተምራታል፤ እኔን ግን «እግርሽ መሬት ሲደርስ» ይለኛል። የቤንዚኑ ሽታ ከእርጥብ ሣር ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ፣ እሷም መሪውን በጣቶቿ ብቻ ነካ አድርጋ እጥፍ ስትል ደረቴ ይቃጠል ነበር።

አንድ ክረምት አባዬ ጭቃ አንሸራቶት ቦይ ውስጥ ገባ። እሱ ተረፈ፤ የሞተሯን የፊት ጎማ የሚይዙት ሁለት እግሮች ግን ተጣመሙ። በዚያ በደርግ ዘመን መለዋወጫ የት ይገኛል? በከተማችን ገበያ፣ እኛም መርካቶ በምንለው፣ ያሉት መካኒክ፣ ጋሽ አወል፣ ከሌላ ሞተር የተፈቱ ረዘም ያሉ እግሮች ገጠሙላት። አባዬ ሲረከባት አብሬው ነበርኩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እዪ» አሉኝ ጋሽ አወል ጎማውን እያሳዩ። «ጎማዋ ወደ ፊት ራቀ። ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ሳትጫኚው ትሄዳለች። መታጠፊያ ላይ ግን ትከብዳለች፤ ቀስ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ነው ማዞር።»

እሁድ አባዬ ለቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሂሩት ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም ነበርና «መሪው መክበዱን ንገሪያት» ብሎኝ ሄደ።

አልነገርኳትም።

ሂሩት ሞተሯን አስነስታ ሜዳውን እንደ ቀስት ሰነጠቀችው። ጫፉ ላይ እንደ ድሮዋ ነካ አድርጋ ልታጥፍ ስትል ሞተሯ እምቢ አለች፤ ቀጥ ብላ አጥር ውስጥ ገባች። የሂሩት ክንድ ተሰበረ።

«አልነገርሻትም?» አለኝ አባዬ ማታ።

«ነግሬያታለሁ» አልኩ። ሂሩት አየችኝ እንጂ አላጋለጠችኝም። ከዚያ ወዲያ አባዬ ሁለታችንንም ሞተሯን አላስነካንም።

አምና፣ ሁለታችንም የልጅ ልጅ ካየን በኋላ፣ እውነቱን ነገርኳት፤ የመሪውን ነገር በቅናት እንደደበቅኋት።

«መሪው መክበዱን አውቅ ነበር» አለችኝ። «ጋሽ አወል ራሳቸው መንገድ ላይ አግኝተው ነግረውኛል። አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ እንደ ጀማሪ ቀስ ብዬ ማዞር አሳፈረኝ። ደግሞ አባዬ በሄደበት ሁሉ የሚያስከትለው አንቺን ነበር። እኔን አንድ ቀን ጋራዥ ወስዶኝ ያውቃል?»

ዛሬ አባዬ በሕይወት የለም፤ እኔና እሷ የምንሻማው ሰው የለንም። ያ ደረት የሚያቃጥል ቅናት እንኳ አንዳንዴ ይናፍቀኛል።