«ምንጩ የት ነው?»

የያዙኝ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስሄድ ነው። ሚኒባሱን ኬላ ላይ አስቆሙና ሁላችንንም አስወረዱን። ከቦርሳዬ አንድ ነጠላ፣ ጥቂት ሙዝና ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ወጣ። ፈታሹ ደብተሩን መሃሉ ላይ ገልጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፦ «ተራራውን ተሻግረሽ ነይ፤ ምንጩን ካገኘን የሚያቆመን የለም።» ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ እዚህ ቁሚ።»

ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የቀረበበት ሰሞን ነበር። ደብተሩ ግን ልብ ወለድ ነው። ሐይቅ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። በለውጡ ማግስት፣ ሰው ሁሉ የልቡን መናገር ሲጀምር፣ እኔም ለወጣቶች አንድ የፍቅርና የምትሃት ታሪክ ጽፌ እዚያው አባዛሁ። አንዲት የሐይቅ ዳር ልጅ ከአንድ የአምባሰል ተራራ ልጅ ፍቅር ይዟት፣ መጨረሻው ላይ እርግማን የልጁን ድምፅ ይነጥቀዋል። ተማሪዎች እየተቀባበሉ አነበቡትና «ከዚያስ?» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ። ደብተሩ ሁለተኛው ክፍል ነበር። ሁለቱ ፍቅረኞች ድምፁን የሚመልስ ምትሃተኛ ምንጭ ፍለጋ ይወጣሉ። ውጫሌ ያለች ጓደኛዬ ቀድማ እንድታነበው ነበር ይዤው የወጣሁት።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ስምንት ሴቶች ነበርን። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የቀለም ባልዲ አለ፤ መጸዳጃችን እሱ ነው። የሚደፋው በቀን አንዴ ነው። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ገባብን። ዝንቡ ከባልዲው ተነስቶ ከንፈራችን ላይ ያርፋል። ዳቦዬን አፍንጫዬን ይዤ እውጠው ነበር።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጥብስ እየበላ ነበር። ደብተሬ ከሳህኑ አጠገብ ተዘርግቷል፤ ገጹን በቅባታም ጣቱ ይገልጣል።

«ምንጩ የት ነው?»

«የትም የለም። የፈጠራ ታሪክ ነው።»

«ምንጩ ማነው ማለቴ ነው። ማነው የሚልክልሽ?»

«ውሃ እኮ ነው። ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ።»

ሳቀ። ጥርሱ መሃል ሥጋ ተሰክቷል። ልጅቷና ልጁ መጀመሪያ የሚሳሳሙበትን ገጽ ፈልጎ አገኘና ድምፁን እያቀጠነ ለጠባቂዎቹ አነበበላቸው። አንደኛው ሳቀ፤ ሌላው መሬት መሬቱን ያያል። መርማሪው አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ «አንቺስ አድርገሽዋል?» አለኝ።

ባልዲው እንደዚያ አላቅለሸለሸኝም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ቃሎቼ ከዚያ አፍ ሲወጡ እኔም ተጸየፍኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፈተና አንድ እቅፍ የተገነጠለ ወረቀት ወረወረልን።

«መጥረጊያ ስትሉ አልነበር? አለቃ ልኮላችኋል።»

የእጅ ጽሑፌ ነበር። የሁላችንም ሆድ ታሟል፤ ለቀናት የምንጠራረግበት ነገር አልነበረንም። ሴቶቹ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አዩ። መጀመሪያ እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

«ውሰዱ፤ ተረት ነው» አልኳቸው። አንዱን ገጽ አጨማድጄ ወደ ባልዲው ሄድኩ።

«ተይ ልጄ።»

የተናገሩት ከአምባሰል ገጠር የመጡ አሮጊት ናቸው። ልጅሽ የት እንደገባ ተናገሪ ተብለው፣ አላውቅም ስላሉ ነው የታሰሩት። ፊደል አልቆጠሩም።

«ፊደል ለዚያ አይሆንም። ነውር ነው።»

«እናቴ፣ ቁርኣን እኮ አይደለም። የፍቅር ወሬ ነው።»

«ይሁና። ሰው ለፍቶ የጻፈው አይደል? ወላሂ እኔስ አልነካውም።»

ሻሻቸውን ከራሳቸው አውርደው ጫፉን በጥርሳቸው ቀደዱና ሰጡኝ። ከዚያ ለሌሎቹም እየቀደዱ አደሏቸው። ከሳዑዲ ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት አንዲት ወጣት ተነስታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከወለሉ ለቀመች። ያጨማደድኩትን ከእጄ ወስዳ ጉልበቷ ላይ አቃናችው።

«አብሽሪ፤ ይልቅ አንብቢልን» አለችኝ።

ገጾቹ ተዘበራርቀዋል፤ እንደመጡልኝ አነበብኩ። መርማሪው ያነበበው ገጽ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

«አታቋርጪያ!» አሉ አሮጊቷ ፊታቸውን በተረፈው ሻሽ ሸፍነው። ሳቅን። ከታሰርን የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር። ጠባቂው በሩን ደበደበ። ጀርባዬን አቅንቼ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ገጹን እስከ ታች አነበብኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንም ሳይሉኝ ለቀቁኝ። ወረቀቶቹ እዚያው ቀሩ። አሮጊቷም ቆይተው ተፈተው ወደ ቀያቸው እንደተመለሱ ሰምቻለሁ፤ የልጃቸውን ነገር ግን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሁለተኛውን ክፍል እንደገና ጽፌ ጨርሼዋለሁ። ሰው ስለ መርማሪው ይጠይቀኛል። እጠላዋለሁ፤ እሱን መጥላት ቀላል ነው። የሚከብደኝ ያ የጠዋቱ ነገር ነው። እሱ ያሰበውን ለመፈጸም ከሁሉም ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። ጽሑፌን ከእኔው እጅ ያስጣሉኝ ደግሞ ማንበብ የማይችሉ ሴት ናቸው።